ስታርደስቱ የት ይፍሰስ? የፖኬሞን ጎ ሬይድ ሂሳዊ ዳሰሳ

ፖኬሞን መያዝ ቀላል ነው። ኳሱን በጣቱ ወደ ላይ መወርወር የቻለ ሕፃን ሁሉ ይይዛል። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በስልኩ ውስጥ መቶዎቹ ተሰልፈዋል፤ ማጎልበቻቸው የሆነው የተጠራቀመ ስታርደስት ግን ለአንዱ ወይም ለሁለቱ ብቻ ይበቃል። የቱ ይጎልብት? ኃያል በሚባለው ባላንጣ ፊት ቆሞ የሚያዋጣው የቱ ነው? እኔ እንደማምነው ከፖኬሞን ጎ ሁሉ ጭንቅላት የሚያሠራው ክፍል ይህ ጥያቄ ነው። ስለ ጨዋታው ብዙ ሲጻፍ ግን የሚወራው ስለ መንገድ ላይ ሩጫውና ስለ ስብስቡ ነው፤ ተጫዋቹ ብቻውን ተቀምጦ የሚወስነው ይህ ውሳኔ ብዙም አይነሳም። ስለዚህ በዚህ ዳሰሳ የምመዝነው ሬይድ የተባለውን የቡድን ውጊያና ለእሱ የሚደረገውን ዝግጅት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጠው፦ ከሥር ያለው ስሌት በጥንቃቄ የተሠራ፣ ለሚያስብ ሰው የሚክስ ነው። ጨዋታው ይህን ስሌት ለተጫዋቹ የሚያሳይበት መንገድ ግን ደካማ ነው፤ አንዳንድ ቦታም በግልጽ ያሳስታል።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፖኬሞን በ1996 በጃፓን ለጌም ቦይ ወጣ፤ ፈጣሪው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት መሰብሰብ የሚወድ ሰው ነበር፤ ፍለጋውንና መሰብሰቡን ወደ ጨዋታ ያመጣው ከዚያ ነው። ኒያንቲክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጁላይ 2016 ያንኑ ዓለም በስልክ አድርጎ ወደ እውነተኛው ጎዳና አወጣው። በመጀመሪያው ዓመት ጂም የሚባሉትን ቦታዎች ከሌላ ቡድን መንጠቅ ነበር፤ ሰዎች ተባብረው የሚጥሉት ትልቅ ባላንጣ ግን አልነበረም። ሬይድ የመጣው በጁን 2017 ነው። ከወር በኋላ በቺካጎ ግራንት ፓርክ በተዘጋጀው የመጀመሪያው የፖኬሞን ጎ ፌስት ኔትወርኩ ከሕዝቡ ብዛት የተነሳ አልሠራ ብሎ ብዙ ሰው ሳይጫወት ዋለ። ያም ሆኖ አፈ ታሪካዊ የሚባሉት ሉጂያና አርቲኩኖ ወደ ሬይድ የገቡት በዚያው ሰሞን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጨዋታው ማዕከል ሬይድ ሆነ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጂሙ ላይ እንቁላል ይታያል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይፈለፈልና ቦስ የሚባለው ባላንጣ ይወጣል። እስከ 20 ሰው አንድ ላይ ይገባል፤ እያንዳንዱ ስድስት ፖኬሞን ይመርጣል። ባለ አምስት ኮከቡ ቦስ 15,000 የሕይወት ነጥብ አለው፤ የተሰጠው ጊዜ 300 ሴኮንድ ነው። ይህ ማለት ቡድኑ በአማካይ በየሴኮንዱ 50 ነጥብ መቀነስ አለበት። ሰዓቱ ካለቀ ቦሱ አንድ ነጥብ ቢቀረው እንኳ ሽንፈት ነው። ሃያ ሰው ሲሰበሰብ ማንም ማንንም ይዞ ቢመጣ ይወድቃል፤ ስለዚህ በትልልቅ ከተሞች የሚጫወቱ ብዙ ሰዎች ይህን ጥያቄ ጨርሶ ሳያስቡት ዓመታት ያልፋሉ። ሦስት ሰው ብቻ የቆመበት የገጠር ጂም ላይ ግን እያንዳንዱ ወደ 17 የሚጠጋ ነጥብ በየሴኮንዱ ማውረድ ይኖርበታል፤ ያኔ ከወራት በፊት ስታርደስቱ የት እንደፈሰሰ በግልጽ ይታያል። ለሬይድ ዋጋ የሚሰጠው ይህ ይመስለኛል፤ ውጤቱ በጣት ፍጥነት ሳይሆን ቀድሞ በተደረገ ምርጫ ይወሰናል።

አሁን ወደ ስሌቱ። የአንድ ምት ጉዳት የሚገኘው የምቱ ኃይል በአጥቂው የጥቃት ቁጥር ተባዝቶ፣ በተመቺው የመከላከል ቁጥር ተካፍሎ፣ ግማሹ ተወስዶ ነው። ከዚያ ማባዣዎቹ ይገባሉ። አጥቂው ከራሱ ዓይነት የሆነ ምት ከተጠቀመ 1.2 ጊዜ ይባዛል። የአየሩ ሁኔታ ከምቱ ዓይነት ጋር ከገጠመ እንደገና 1.2። ምቱ ለተመቺው ዓይነት ድክመት ከሆነ 1.6፤ ተመቺው ሁለት ዓይነት ኖሮት ሁለቱም ከተጋለጡ ደግሞ 1.6 በ1.6 ተባዝቶ 2.56 ይሆናል። ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይህ የመጨረሻው ነው። ፖኬሞንን ዓመታት ያቆየውም ይህ ይመስለኛል፤ ውሃ እሳትን ያሸንፋል፣ እሳት ሣርን ያሸንፋል፣ ሣር ውሃን፤ ልጅ የሚገባው ሕግ ነው፤ ከሥሩ ግን አዋቂን የሚያደክም ስሌት አለ።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንየው። ታይራኒታር የዓለትና የጨለማ ዓይነት ነው፤ ሬይድ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ ከሚታወቁት ቦሶች አንዱ ነው። በሁለቱም ዓይነቱ ለተፋላሚ ምት የተጋለጠ ስለሆነ ድርብ ድክመት አለበት። አንድ ተጫዋች ሁለት ፖኬሞን አሉት እንበል። አንደኛው እስከ ሌቭል 40 የጎለበተ ድራጎናይት ነው፤ ሲፒ የሚባለው የጥንካሬ ቁጥሩ 3,792። ሌላው ሌቭል 30 ላይ የቆመ ማቻምፕ ነው፤ ሲፒው ወደ 2,619። ዓይን የሚያርፈው ድራጎናይቱ ላይ ነው፤ ስሙ ይከብራል፣ ቁጥሩም ይበልጣል። ግን እንቁጠር። የድራጎናይት የዘንዶ ምት ታይራኒታርን ያለ ምንም ብልጫ ይመታዋል፤ ማባዣው 1.2 ብቻ ነው። የተፋላሚ ዓይነት የሆነው ማቻምፕ ካውንተርና ዳይናሚክ ፓንች በተባሉት የተፋላሚ ምቶች ሲመታ 1.2 በ2.56 ይባዛል፤ ከ3 ይበልጣል። የሁለቱን የጥቃት ቁጥርና የሌቭል ልዩነት አስገብተን ስናሰላው፣ እኩል ኃይል ያለው ምት ቢሰነዝሩ ማቻምፑ ከድራጎናይቱ እጥፍ በላይ ይጎዳል። አሥር ሌቭል ዝቅ ብሎ፣ ሲፒው ከሺሕ በላይ አንሶ፣ እጥፍ!

ወደ ማቻምፕ የሚያድገው ማቾፕ ደግሞ ብርቅ አይደለም። ለማሳደግና ለማጎልበት የሚያስፈልገው ካንዲውም በቀላሉ ይጠራቀማል። ለጀማሪ የምመክረውም ይህንን ነው፤ አፈ ታሪካዊ የሚባሉትን ከማሳደድ በፊት ዓይነታቸው የሚጠቅም ተራ ፖኬሞኖችን አሳድግ። ድርብ ድክመት ያለበት ቦስ ብዙ ነው። ሬይኳዛ የዘንዶና የበራሪ ስለሆነ በበረዶ ይንበረከካል፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ማሞስዋይን ከትንሹ ስዋይነብ የሚያድግ ነው፤ ካንዲና አንድ የሲኖ ድንጋይ ይበቃዋል። ከአፈ ታሪካዊ ፖኬሞን አንድ ካንዲ በእግር ጉዞ ለማግኘት ግን አብሮ 20 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠይቃል። በዚህ መሃል ያለው የድካም ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጨዋታው ለተጫዋቹ ይነግረዋል? እዚህ ላይ ነው ቅሬታዬ የሚጀምረው። እያንዳንዱ ፖኬሞን ሲከፈት ከላይ በትልቁ የሚታየው ሲፒ ነው። ሲፒ የጥቃት፣ የመከላከልና የሕይወት ቁጥሮች ተደባልቀው የሚወጣ አንድ ቁጥር ነው፤ ስለ ዓይነትም ስለ ምትም ምንም አይናገርም። ስሌኪንግን እንውሰድ። በሌቭል 40 ሲፒው እስከ 4,431 ይደርሳል፤ ከዝነኛው ሚውቱ እንኳ ይበልጣል። ግን ተራ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከራሱ ዓይነት የሆነ ምቱ ለማንም ቦስ ድክመት አይሆንም። ከዚያም በላይ ማዛጋት የሚባለው ፈጣን ምቱ ለዓመታት አንድም ጉዳት የማያደርስ ባዶ ምት ሆኖ ኖሯል። አዲስ ተጫዋች ግን ቁጥሩን አይቶ ያለውን ስታርደስት ሁሉ እዚያ ያፈሳል፤ ጨዋታው ራሱ በትልቅ ፊደል የጻፈውን ማመን ጥፋት ሊባል አይችልም። ጥፋቱ የቁጥሩ አቀራረብ ላይ ነው።

ከሬይዱ በፊት ጨዋታው በራሱ የሚያቀርበው የስድስት ፖኬሞን ምርጫም ለረጅም ጊዜ ከዚሁ ስህተት አልራቀም። የሚመታውን ትቶ የሚጸናውን ይመርጥ ነበር፤ አግሮን በዚህ የተነሳ በተጫዋቾች ዘንድ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ። አግሮን የብረትና የዓለት ነው፣ መከላከሉ ከፍ ያለ ነው፣ ቶሎ አይወድቅም። ግን ሬይድ በሰዓት የሚካሄድ ውጊያ ነው። ሳይወድቅ ቆሞ ምንም የማያወርድ ፖኬሞን ከጓደኞቹ ጊዜ ይበላል። ይህን የሚያውቅ ሰው በእጁ ይቀይረዋል፤ የማያውቀው ደግሞ ማሽኑ መርጦለታልና ልክ ነው ብሎ ይገባል። አንድ ጨዋታ ሕጎቹን መደበቅ ይችላል፤ የተሳሳተ ምክር መስጠት ግን ሌላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ጉዳይ ምን ያህል ይጎልብት የሚለው ነው፤ ይህን በዝርዝር ላየው የምፈልገው ብዙ ስታርደስት የሚባክነው እዚህ ስለሆነ ነው። ከሬይድ የሚያዝ ፖኬሞን ሌቭል 20 ላይ ይመጣል፤ አየሩ ከረዳው 25 ላይ። ከ20 ወደ 30 ለማድረስ 75,000 ስታርደስት ይወስዳል፤ ጥቃቱም መከላከሉም ሕይወቱም በ22 ከመቶ ገደማ ያድጋል። ከ30 ወደ 40 ሲሄድ 150,000 ይጠይቃል፤ ዕድገቱ ግን 8 ከመቶ ነው። በ2020 መጨረሻ ጣሪያው ወደ 50 ከፍ ሲል ከ40 በኋላ ያለው ደግሞ 250,000 ስታርደስትና ኤክስኤል የሚባለው ልዩ ካንዲ 296 ሆነ፤ ዕድገቱ ከ6 ከመቶ ትንሽ ይበልጣል። ወጪው እየጨመረ ጥቅሙ ይቀንሳል። አንዱን ፖኬሞን ከ20 አንስቶ እስከ 50 ለማድረስ የሚወጣው ስታርደስት 475,000 ነው። በዚሁ ገንዘብ ስድስት ፖኬሞኖችን ከ20 ወደ 30 አድርሶ 25,000 ማስተረፍ ይቻላል። ስድስቱ ደግሞ ሙሉ ቡድን ናቸው! አንዱ ሌቭል 50 የሆነ ሲወድቅ ከኋላው ማን አለ?

ይህ ስሌት በጣም ያስደስተኛል። ሁሉን ነገር አንድ ጀግና ላይ መደርደር ልብን ይስባል፤ ቁጥሮቹ ግን ሰፋ አድርጎ መዝራትን ይደግፋሉ። ለተፋላሚ ስድስት፣ ለበረዶ ስድስት፣ ለዓለት ስድስት፣ ለኤሌክትሪክ ስድስት እያሉ በየዓይነቱ ቡድን ያሰናዳ ሰው የትኛውም ቦስ ቢመጣ ባዶ እጁን አይቆምም። ቦሶቹ በየሳምንታቱ ይቀያየራሉና ዛሬ ለካዮግር የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ ቡድን ነገ ለሌላ የውሃ ቦስ ያገለግላል። ከ40 በላይ መውጣት የሚያዋጣው ቡድኑ ከሞላ በኋላ፣ ወይም በሁለትና በሦስት ሰው ብቻ ቦስ መጣል ለሚፈልግ ሰው ነው። የንድፉ ባለቤቶች ይህን ሆን ብለው እንዳደረጉት አልጠራጠርም፤ ጥሩ አድርገዋል። ግን የማጎልበቻው ቁልፍ ላይ ይህን የሚናገር አንድ መስመር እንኳ የለም።

አይቪ የሚባለው ሌላው ወጥመድ ነው። እያንዳንዱ ፖኬሞን ሲያዝ በሦስቱ ቁጥሮች ላይ ከ0 እስከ 15 የሚደርስ ጭማሪ በዕጣ ይደርሰዋል። ጨዋታው ምዘና ሲያደርግ ኮከብ ይሰጣል፣ ሦስቱም ሲሞሉ ደግሞ ቀለሙ ሳይቀር ይለወጣል። በዚህ የተነሳ ሰው ሙሉውን ለማግኘት ይንገበገባል፤ ከሬይድ የሚያዝ ፖኬሞን ከ10 በታች ስለማይወርድበት ሙሉ የመሆን ዕድሉ ከ216 አንድ ነው። ግን ምን ያህል ልዩነት ያመጣል? የማቻምፕ የተፈጥሮ ጥቃት 234 ነው። ጭማሪው 10 ከሆነ 244፣ ሙሉ ከሆነ 249 ይሆናል። ልዩነቱ 2 ከመቶ ነው። ለዚህ 2 ከመቶ ሲባል ጠቃሚ ፖኬሞኖች ሳይጎለብቱ ወራት ይቆያሉ፣ ሬይድም ያለ ቁም ነገር ይደጋገማል። የዓይነት ብልጫ 60 ከመቶ ሲያመጣ ኮከቡ የሚሰጠው ለ2 ከመቶው ነው።

ከዚህም የባሱት ሻዶው የሚባሉት ናቸው። ከ2019 ጀምሮ ቲም ጎ ሮኬት የሚባለው ክፉ ቡድን ልባቸውን የዘጋባቸው ፖኬሞኖች ይታያሉ። ታሪኩ ተጫዋቹን በሙሉ ስሜት ይጠይቀዋል፤ አንጻቸው፣ ከክፋት አውጣቸው። ማንጻቱ በእያንዳንዱ አይቪ ላይ 2 ይጨምርና አንዳንዴ ባለ ሙሉ ኮከብ ያደርጋቸዋል። ስሌቱ ግን ተቃራኒውን ይናገራል። ሻዶው ጥቃቱ በ1.2 ይባዛል፤ በአንጻሩ ራሱ የሚደርስበት ጉዳትም ከፍ ይላል። ጭማሪው 13 የሆነ ሻዶው ማቻምፕ የጥቃት ዋጋው ወደ 296 ይደርሳል። ሲነጻ ጭማሪው 15 ይሆንና ጥቃቱ 249 ላይ ይወርዳል። ሁለት ነጥብ ለማግኘት 47 ነጥብ ተሰጠ ማለት ነው። ልጆች ይህን ታሪክ አምነው እያዘኑ ፖኬሞናቸውን ያነጻሉ፤ ምሕረት ማድረጋቸው ነው። እኔ በተረኩ ላይ ቅር የምሰኘው ለዚህ ነው፤ ልጅን ደግ ሁን ብሎ ያስተማረ ጨዋታ ለዚያ ደግነቱ በሬይድ ውስጥ ሊቀጣው አይገባም። ወይ ታሪኩ ይስተካከል፣ ወይ የነጻው ፖኬሞን የራሱ ብልጫ ይኑረው። የሻዶው ማጎልበቻ ዋጋ በ20 ከመቶ ይበልጣል፤ ያም ሆኖ ለሬይድ የሚዘጋጅ ሰው ዋጋውን ከፍሎ ማቆየቱ ያዋጣዋል።

ጥቃት ይበልጣል ወይስ ጽናት ለሚለው ክርክር ራምፓርዶስና ራይፔሪየር ጥሩ ማሳያ ናቸው። ሁለቱም የዓለት ናቸው። ራምፓርዶስ ጥቃቱ 295 ነው፣ መከላከሉ ግን 109 ብቻ። ራይፔሪየር ጥቃቱ 241፣ መከላከሉ 190። ሰው ሲበዛ ራምፓርዶስ ያዋጣል፤ ቦሱ ሳይደርስበት ብዙ ያወርዳል። በሦስት ሰው ጊዜ ስድስቱም ወድቀው እንደገና ለመግባት የሚባክነው ሴኮንድ ይከብዳል፤ ያኔ ራይፔሪየር ይመረጣል። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ አለመኖሩን እወደዋለሁ።

ሜጋ በሚባለው የፖኬሞን ጊዜያዊ ኃያል ቅርጽ ላይ ጨዋታው በትክክል አስቧል። በ2020 ሲመጣ ውድና አድካሚ ነበር፤ በ2022 ተሻሽሎ አንዴ የተከፈተ ሜጋ ከዕረፍት በኋላ በነጻ እንዲመለስ ተደረገ። ሜጋው ሜዳ ላይ እስካለ ድረስ የሌሎች ተጫዋቾች ምት በ10 ከመቶ፣ የእሱ ዓይነት ምት ደግሞ በ30 ከመቶ ይጨምራል። ሜጋ ሉካሪዮን አምጥቶ የቆመ አንድ ሰው አብረውት ያሉትን ማቻምፖች ሁሉ ያጠነክራል። አሥር ሰው ሲሆኑ አንዱ ለሌሎቹ ሲል ስታርደስቱን ማፍሰሱ ምክንያት ያገኛል። በዚህ ሥርዓት ከሁሉ የሚያኮራው ሐሳብ ይሄ ይመስለኛል፤ መጀመሪያ ምን ላጎልብት ለሚል ሰው በየዓይነቱ አንድ ሜጋ ማለትን አስቀድማለሁ።

ምቶቹ ደግሞ ያስከፉኛል። ሜታግሮስ ሜቲዮር ማሽ የተባለውን ምት ካወቀ ከብረት አጥቂዎች ግንባር ቀደም ነው፤ ካላወቀ ተራ ነው። ይህን ምት ማግኘት ይቻል የነበረው በኦክቶበር 2018 ኮሚዩኒቲ ዴይ በተባለው ልዩ ዝግጅት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ በማሳደግ ነበር። ያን ቀን ሥራ ላይ የነበረ፣ የታመመ፣ ወይም ጨዋታውን ገና ያልጀመረ ሰው ሌላ ዙር እስኪመጣ ይጠብቃል፤ አለበለዚያ ኢሊት ቲኤም የሚባለውን ብርቅ ዕቃ ያወጣል። ጎልብቶ የቆመ ፖኬሞን በምቱ ምክንያት ብቻ ዋጋ ማጣቱ ፍትሐዊ አይደለም። የጨዋታውን ባህሪ ያበላሸውም ይህ ነው፤ አሁን ላጎልብት ወይስ የተሻለው ምት እስኪመለስ ልጠብቅ የሚለው ስጋት ተጫዋቹን ካለው ነገር ጋር እንዳይጫወት አድርጎታል። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ ሌላ ጫና አለ፤ ጨዋታው ከሚቀርብባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ የለም፤ የምቶቹን ስምና የሕጎቹን ማብራሪያ በባዕድ ቋንቋ መከታተል ግድ ነው፤ ልጁ ለወላጁ እየተረጎመ የሚጫወትበት ቤት አይጠፋም።

የገንዘቡን ነገር ሳልነካ ማለፍ አልችልም። በየቀኑ አንድ ነጻ የሬይድ መግቢያ ፓስ ከጂም ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሳንቲም ይገዛል። በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ከቤት ሆኖ የሚገባበት የሩቅ ፓስ ተጀመረ። በኤፕሪል 2023 አንዱ ከ100 ወደ 195 ሳንቲም፣ ሦስቱ አብረው ከ300 ወደ 525 ከፍ አሉ፤ በቀን ከአምስት በላይ መጠቀምም ተከለከለ። ኒያንቲክ ሰዎች ከቤት ወጥተው በአካል እንዲገናኙ እፈልጋለሁ ይል ነበር፤ ዓላማውን አከብራለሁ። ጂሞቹ የሚገኙት ግን በአብዛኛው ቀድሞ ኢንግረስ በተባለው ጨዋታ ተጫዋቾች በመረጧቸው ቦታዎች ነው፤ ያ ማለት ከተማ ውስጥ በየማዕዘኑ፣ ገጠር ውስጥ ደግሞ አንድ ወይም ምንም። መራመድ ለሚቸገር ሰውና ራቅ ብሎ ለሚኖር ሰው የሩቅ ፓሱ መቀማጠያ አልነበረም፤ ወደ ሬይድ መግቢያ ብቸኛ በሩ ነበር። በ2025 ጨዋታው በ3.5 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ስኮፕሊ ወደተባለው ኩባንያ ተላለፈ፤ የስኮፕሊ ባለቤት የሳዑዲው ሳቪ ጌምስ ግሩፕ ነው። አዲሱ ባለቤት የሚመዘነው ከሁሉ በፊት በዚህ ጉዳይ ይመስለኛል።

በሴፕቴምበር 2024 የጀመረው ማክስ ባትል የሚባለው ሌላ ዓይነት ውጊያ ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ወደ ጎን የሚገፋ ነው። እዚያ የሚገቡት ዳይናማክስ ማድረግ፣ ማለትም በውጊያ መሃል መግዘፍ፣ የሚችሉ ፖኬሞኖች ብቻ ናቸው፤ ለዓመታት የጎለበተው ማቻምፕ ከነሌቭሉ ከነምቱ ውጭ ይቀራል፤ አዲስ ማቾፕ ተይዞ ከዜሮ ይጀመራል። ስታርደስት ተቆጥሮ የሚወጣ፣ በጊዜ የሚገኝ ሀብት ነው። ሰው ያፈሰሰው ሀብት አዲስ በር በተከፈተ ቁጥር ዋጋ የሚያጣ ከሆነ የሚቀጥለውን ምርጫ በእምነት ማድረግ አይችልም። ንድፉ ውስጥ ያለው ውጊያ ራሱ ማራኪ ነው፤ የሚመታ፣ የሚከላከል፣ የሚያክም እየተባለ የሥራ ክፍፍል አለው። ግን የድሮዎቹ የሚገቡበት መንገድ ሊፈጠር ይገባ ነበር።

የሚስተካከለው ነገር ሩቅ አይደለም። አሁን ተጫዋቹ ማጎልበቻውን ሲነካ፣ ስንት ሌቭል ከፍ እንደሚል ሲያንሸራትት፣ የሚወጣው ስታርደስትና ካንዲ ከነአዲሱ ሲፒ ይታየዋል። በዚያው ገጽ ላይ ሁለት ነገር ቢጨመር ብዙ ይለወጣል፦ ጥቃቱ ስንት ከመቶ እንደሚያድግ፣ እና በዚህ ሳምንት በሬይድ ላይ ካሉት ቦሶች ውስጥ ይህ ፖኬሞን በማን ላይ ብልጫ እንዳለው። ቁጥሮቹ ጨዋታው ውስጥ አሉ፤ በየውጊያው ሲሰላባቸው የሚውሉት እነሱ ናቸው። ማቻምፑን ትቶ 150,000 ስታርደስት ስሌኪንግ ላይ ለማፍሰስ ጣቱን ያዘጋጀ ልጅ ከመንካቱ በፊት ሊያያቸው ይገባል።